ተግሣጽ ስንል ምን ማለታችን ነው?
(ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከቀረበ ንግግር)



በጉባኤያችን «እገሌ ዲሲፕሊን ላይ ነው» ሲባል ሁላችንም የምንረዳው አንድ ነገር ነው፤ ከጌታ እራትና ከአገልግሎት ታግዷል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤታችንም ቃሉ ሲነሣ ትዝ የሚለን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የደመወዝ ቅጣት ነው። ይህ ትርጉም ስሕተት አይደለም። ብቻውን ሲቀር ግን ሰው እንዳጠፋብን ዛሬ በፊታችሁ እንናዘዛለን።

ዲሲፕሊን የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ከተማሪ፣ ከደቀ መዝሙር ጋር አንድ ሥር አለው። በአዲስ ኪዳን ግሪክኛ የምናገኘው «ፓይዴያ» ደግሞ ልጅ ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ኮትኩቶ ማሳደግን ያመለክታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣውን አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብትገልጡ በምሳሌ 3፥11 «ተግሣጽ» የተባለው፣ ያንኑ ቃል በሚጠቅሰው በዕብራውያን 12፥5 «ቅጣት» ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኛ ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን የረሳን ይመስለናል።

ነገሩን ከመጋዘን እንጀምር። አንድን ታማኝ ወንድም ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ የእህል መጋዘን ቁልፍ ሰጠነው። መዝገብ አያያዝ ያስተማረው አልነበረም። ሞዴል 19 ሳይቆረጥ እህል ይገባል፤ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ ይወጣል። ለአሥራ አንድ ወር ያህል ቆጠራ ያደረገ ሰው ከእኛ ወገን አልሄደም። በመጨረሻ ሲቆጠር 8 ኩንታል ጎደለ። ሁለቱን ለተራበ ዘመዱ እንደ ሰጠ ራሱ ተናገረ፤ የቀረው የት እንደ ገባ አላወቀም። ሰኞ ከሥራ አሰናበትነው፤ በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው አገደው።

ቁልፉን መቀበላችን ትክክል ነበር፤ እህሉ የእኛ አይደለም፣ የተራበው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ደጁን ያንኳኳ የለም። እርሱም ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ከጥፋቱ በፊት አላስተማርነውም፤ ከጥፋቱ በኋላም አልጠየቅነውም። ተግሣጽ ያልነው በመካከል ያለችውን አንዲት ቀን ብቻ ነበር።

ሌላው የቃሉ ትርጉም የየዕለት ልምምድ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ሐዋርያው የሚያነሣው ሯጭ የሚቀጣው ሰው የለም፤ ራሱን ይገዛል። የእኛ ሠራተኞች ሩጫ ከሚዛኑ ላይ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደልበት ጣቢያ ሚዛኑ ግማሽ ኪሎ ብቻ ቢያጎድል፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ኩንታል ይቀራል። ይህ የ33 ሰዎች የወር ቀለብ ነው። የሰረቀ ሰው የለም፤ ያለው ጠዋት ሚዛኑን ሳያስተካክል ሥራ የጀመረ ሠራተኛ ነው። (ይህን ስንል ከፊት ወንበር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይተናል።)

ወደዚያ ወንድም እንመለስ። ጳውሎስ በገላትያ 6፥1 የወደቀውን ስለ ማቅናት ሲጽፍ የተጠቀመበት ግሪክኛ ግሥ፣ በማርቆስ 1፥19 የዘብዴዎስ ልጆች መረባቸውን ሲጠግኑ የተነገረው ነው። መረብ በደብዳቤ አይጠገንም፤ ቁጭ ብሎ ክር በክር ማያያዝን ይጠይቃል። ሁለት ሽማግሌዎች ዘግይተውም ቢሆን ሄዱ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው። ዛሬ ከጉባኤው ጋር ጌታን ያመልካል። ለዘመዱ የሰጠውን ሁለት ኩንታል ዋጋ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ ጨርሷል። ቁልፉን ግን አልመለስንለትም፤ እርሱም አልጠየቀንም።

ከምሳ በኋላ በየቡድናችሁ ስትቀመጡ፣ ሠራተኞች መጋዘናችሁ መጨረሻ የተቆጠረበትን ቀን ጽፋችሁ አምጡልን። ሽማግሌዎች ደግሞ ከታገዱ በኋላ ማንም ያልጎበኛቸውን ሰዎች ቁጥር ጻፉ፤ ስማቸውን ለእኛ አትስጡን፣ እናንተ ዘንድ ይቆይ።