«ደበረኝ» የሚለው ተማሪ

አንባቢ ሆይ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢ «ደበረኝ» የሚለው ቃል የማይሰማበት ቀን የለም። ትምህርቱ ቢረዝም፥ ዝናቡ ባያባራ፥ ወጡ ባይጥም ተማሪው «ደበረኝ» ይላል። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት ሕመምም ስሙ ከዚሁ ቃል የወጣ ስለ ሆነ፥ በእውነት የታመመው ሲናገር የሚያምነው ያጣል።

እንግዲህ ቃሉን ትተህ ቀኑን ቍጠር። ኀዘኑ፥ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኘው የነበረውን ሁሉ መሰልቸቱ፥ ሁለት ሳምንት ያህል ዕለት ዕለት ካልለቀቀው፤ እንቅልፉም ከጠፋ ወይም ከበዛ፥ ምግብ ካስጠላው፥ አንድ ገጽ አንብቦ መጨረስ ካቃተው፥ ራሱንም እንደ ከንቱ ከቈጠረ፥ ይህ ስንፍና ሳይሆን የሐኪም ጕዳይ ነው። በአገራችን ደግሞ ብዙው ሰው የሚናገረው ኀዘኑን ሳይሆን ራስ ምታቱንና ጨጓራውን ነው።

ከወላጆቹ ርቆ የተመደበውን ተማሪ ከመምህሩ ይልቅ በአንድ ክፍል አብረኸው የምታድረው አንተ ታውቀዋለህ። ከምሳ ሰልፍ መቅረቱን ልብ በል። «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብለህ በግልጥ ጠይቀው፤ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይዘራበትም። አዎን ካለህ ብቻውን አትተወው፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ አድርሰው። የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ቀልደኛ ለስድብ ቢያደርገውም፥ ሕክምናው ያው ሕክምና ነው። ጠበል የሚጠመቅ ቢሆን ይጠመቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ፤ ኃይሉ የሚታወቀው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነውና፥ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ሊጥለው ይቃጣዋል።