የተቋጠረ ፀጉር

ድመት ራሷን በምላሷ ታጸዳለች፤ ውሃና ሳሙና አትጠይቅም። ረጅም ፀጉር ያላት የፐርሺያን ዝርያ ስትሆን ግን ምላሷ ብቻውን አይበቃትም። የረገፈው የውስጥ ፀጉር ከላይኛው ጋር ተጠላልፎ ከጆሮዋ ኋላ፣ ከብብቷ ሥር፣ ከሆዷ ላይ ይቋጠራል። ያረጀች ወይም የወፈረች ደግሞ ጀርባዋ ላይ መድረስ እንኳ ያቅታታል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መቀስ ነው። ተዉት! የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ቋጠሮውን ሳብ ሲያደርጉት ቆዳው አብሮ ይነሳል፤ ፀጉር ልቁረጥ ያለ እጅ ቆዳ ይቆርጣል። ማጠቡም አይረዳም፤ የረጠበ ቋጠሮ ሲደርቅ ይብስ ይጠብቃል።

በልታ ስታንቀላፋ ጠብቋት። በአንድ እጅ ቋጠሮውን ከሥሩ፣ ቆዳው አጠገብ ጨበጥ አድርጉት፤ ጉተታው እሷ ጋ እንዳይደርስ። ጥቂት የበቆሎ ስታርች ነስነስ አድርጋችሁ በጣት ፈልቀቅ ፈልቀቅ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ የብረት ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሥሩ። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ጭራዋን ማወናጨፍ ከጀመረች ለዛሬ በቃ ማለት ነው። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፤ የለመደች የመሰለችውም ትቧጭራለች። እኔ ግን አልፈርድባትም።

ቋጠሮው ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ቆዳዋ ላይ ከተለጠፈ የቤት ሥራ አይደለም። የእንስሳት ሐኪም በማሽን ይላጨዋል፤ ሲያስፈልግም በማደንዘዣ። ከተላጨች በኋላ ፀሐይም ብርድም ስለሚያገኛት ፀጉሯ እስኪያድግላት ቤት ብትውል ይሻላል።