ወንበሩ አማና ነው

 

ዛሬ የምናወራው ስለ ቀበሌው ወንበር ነው። መታወቂያ ለማሳደስ ያልቆመበት በመካከላችን የለም። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሠራተኛ ደመወዙን የሚያገኘው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ከሚከፍለው ግብር ነው።

በ2005 መስከረም ምን አየን? የመጅሊስ ምርጫ በመስጂዳችን ይሁን ብለን ጠየቅን፤ በቀበሌ ተደረገ። እኛ ሰፈር ቤት ለቤት እየዞረ "ውጡና ምረጡ" ሲለን የነበረው ያው መታወቂያ የሚጽፍልን ሰው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው በሃይማኖቱም በፖለቲካ አመለካከቱም ሳይለይ እኩል የሕግ ጥበቃ እንዲያገኝ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ችግር የለም።

ከምርጫው በኋላ ከመድረሳው መምህራን ሁለታችን መታወቂያ ልናሳድስ ሄድን። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ "ስብሰባ ላይ አልነበራችሁም፣ ኃላፊውን አነጋግሩ" አለን። ኃላፊው የለም። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ጸሐፊውን እናውቀዋለን፤ ጁሙዓ ከእኛ ጋር ይሰግዳል። አንድ ማታ ቤት ድረስ መጣና "ኡስታዝ፣ አፉ በሉኝ። ስማችሁ ተጽፎ ተሰጥቶኛል። እንቢ ብል በግምገማ እባረራለሁ፤ ልጆች አሉኝ" አለ። ሻይ አቀረብንለት፤ ሳይጠጣ ሄደ።

ለደረሶቻችን የምናስተምረውን ሲራ እናስታውስ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ ከዑስማን ኢብን ጠልሓ ተቀበሉ። ከቅርብ ዘመዶቻቸው "ቁልፉ ለእኛ ይሁን" የሚል ጥያቄ መጣ። አሸናፊው እሳቸው ነበሩ፤ ማን ይከለክላቸዋል? ዑስማንን አስጠርተው ቁልፉን መለሱለት። ዛሬም ቁልፉ በዚያው በበኒ ሸይባ ቤተሰብ እጅ ነው። ያሸነፈ ሁሉ ሥራውን ለራሱ ሰዎች አያከፋፍልም ማለት ነው።

ይህ እኛንም ይነካል። "የእኛ ሰው ቢሮ ቢገባ ኖሮ ጉዳያችን ያልቅ ነበር" የሚል ወሬ በዚሁ መስጂድ በረንዳ ላይ ሰምተናል፤ አንዳንዴም ራሳችን ብለነዋል። ያም ያው በሽታ ነው። እኛ የምንጠይቀው ወንበሩ ለማንም እንዳያደላ ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንጀራችሁን ጣሉ አንልም፤ እኛ አንከፍልላችሁምና። ግን የሰጋጅን ስም ጽፋችሁ አትስጡ። ባለጉዳዮች ደግሞ ማመልከቻችንን በጽሑፍ እናስገባ፤ ቀኑን እንመዝግብ፤ ቅጂውን እናስቀር። ከተከለከልንም ምክንያቱን በጽሑፍ እንጠይቅ። ጸሐፊውን መስደብ ሐራም ብቻ ሳይሆን ከንቱ ድካምም ነው፤ የከለከለን እሱ አይደለም።

የእኛ መታወቂያ እስካሁን አልታደሰም። ኢንሻአላህ ሰኞ ጠዋት ማመልከቻችንን ይዘን እንሄዳለን። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ከፈጅር ሶላት በኋላ በሩ ላይ ይጠብቀን።