ቺፑ ሳይሠራ ሶፍትዌሩን መጻፍ፦ ስለ ሙሉ ሥርዓት ሲሙሌሽን የቀረበ ዲስኩር



ርዕሴ ሙሉ ሥርዓት ሲሙሌሽን ለሃርድዌርና ለሶፍትዌር ንድፍ የሚሰጠው ጥቅም ነው። አንድ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን፣ ሚሞሪውን፣ ዲስኩንና የኔትወርክ ካርዱን ተክቶ ይሠራል፤ ሊኑክስም አንዲት መስመር ሳይለወጥበት በላዩ ይነሣል።

እስቲ ወደ 1975 እ.ኤ.አ. ልውሰዳችሁ። ፖል አለንና ቢል ጌትስ አልቴር 8800 ለተባለው ኮምፒውተር የቤዚክ ቋንቋ ለመጻፍ ሲነሡ ማሽኑ በእጃቸው አልነበረም። አለን የኢንቴል 8080ን መመሪያ እያገላበጠ፣ ሃርቫርድ በነበረው ፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ ያንን ፕሮሰሰር የሚተካ ሲሙሌተር ጻፈ። ቤዚኩ የተፈተነው በዚያ ነው። አለን ፕሮግራሙ የተበሳበትን የወረቀት ጥቅል ይዞ አልቴር ወደሚሠራባት ወደ አልበከርኪ ሲበር ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ቤዚኩን ከወረቀቱ ወደ ሚሞሪ የሚያስገባው አጭር ፕሮግራም አልተጻፈም! እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ጻፈው። በኋላም አልቴሩን 2 እና 2 እንዲደምር ሲያዘው 4 ብሎ መለሰለት።

ተማሪዎች፣ የተረሳው የትኛው ክፍል እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ሲሙሌተሩ የተካው ፕሮሰሰሩን ነው፤ የተረሳው ደግሞ ማሽኑ ከባዶ የሚነሣበት መንገድ ነው። እኔ «ሙሉ ሥርዓት» በሚለው ላይ አጥብቄ የምከራከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያልተመሰለው ክፍል ያልተፈተነ ክፍል ነው።

ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ የቺፕ ኩባንያው ኤኤምዲ የ64 ቢት ፕሮሰሰር ንድፉን ሲያወጣ ቺፑ ገና አልነበረም። የሊኑክስ ባለሙያዎች ግን ቪርቹቴክ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ባዘጋጀው ሲሙሌተር ላይ ሥራቸውን ጀመሩ። ያ ቺፕ ኦፕቴሮን ተብሎ በ2003 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ ሊኑክስ ይጠብቀው ነበር።

ሲሙሌሽን ሌላም በረከት አለው። በብዙ ኮር ማሽን ላይ አንዴ ታይቶ የሚሰወር ስሕተት ስንቱን ባለሙያ እንቅልፍ ነሥቷል! በሲሙሌተር ግን ጊዜው ራሱ በእጃችን ነው፤ ሁሉንም ኮሮች ባንድ ቅጽበት እናቆማለን፣ ያንኑ ሩጫ ሳይዛነፍ እንደግማለን።

ሰዓቱ እየገፋ ስለሆነ የሃርድዌሩን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲው ኤም5 እና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲው ጄምስ የተባሉት ሲሙሌተሮች ተዋሕደው የፈጠሩት ጄም5 በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ካሽ ቢሰፋ፣ ኮር ቢጨመር ምን እንደሚመጣ በእርሱ ይለካል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ ዝርዝሩ በበዛ ቁጥር የአንድ ሰከንድ ሥራ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይፈጃል። ስለዚህ ሶፍትዌር ጸሐፊው ፈጣኑን፣ ቺፕ ነዳፊው ዝርዝሩን ይመርጣል።

መምህራን ሆይ፣ ጄም5ም፣ ኪዩኢሙ የተባለው ሌላው ሲሙሌተርም በነፃ ይገኛሉ፤ የሪስክ-ፋይቭ የትእዛዝ ስብስብም ለሁሉም ክፍት ነው። የቺፕ ፋብሪካ እስኪኖረን አንጠብቅ። እያንዳንዱ የኮምፒውተር ምህንድስና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ራሱ ባሻሻለው ፕሮሰሰር ላይ ሊኑክስን እንዲያስነሣ እናድርግ።