ካቴተርና በውስጡ የሚሸሸገው ጠላት

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በአምቡላንስ የሚላክ ሕሙም በዓይነ ኅሊናችሁ ይታያችሁ። ዳገቱ ሲጀመር የሽንት ከረጢቱ በሆዱ ላይ ተቀምጧል። ከረጢቱ ከፊኛው ከፍ ካለ ሽንት ባክቴሪያ ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ባክቴሪያዎቹም በቱቦው ላይ ተጣብቀው ባዮፊልም የተባለ ዝልግልግ ሽፋን ያበጃሉ፤ በዚያ የተጠለሉትን መድኃኒት በቀላሉ አያጠፋቸውም።

ካቴተር ሲቆይ በሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ «ዛሬም ያስፈልጋልን?» የሚለው ነው። ካላስፈለገ ይውጣ። ካስፈለገ እጅ ይታጠብ፤ መጋጠሚያው አይፈታ፤ ከረጢቱ ከጉዞ በፊት ይራገፍ፤ ከፊኛ ዝቅ ይበል፤ ወለል ግን አይንካ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም፤ በየማለዳው የሚጠይቅ ባለሙያ ግን ያሻል።