አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው
(በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ስኬት እንድናገር ነበር የተጋበዝሁት፤ እኔ ግን አንድ ጥፋቴን ልናገር።

ከምረቃ በኋላ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ለአንድ የጤና ተቋም የካርድ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ሠራሁ። ኡቡንቱ የጫንሁባቸው ሁለት ኮምፒውተሮች በኤንኤፍኤስ አንድ ፎልደር ይጋራሉ። ፕሮግራሙ የመጨረሻውን ቁጥር ከፋይሉ ያነባል፣ አንድ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። በቃ። እኔ ላፕቶፕ ላይ አንድም ቀን አልተሳሳተም።

በገበያ ቀን ግን ወረፋው ይበዛል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደወለችልኝ፦ «ወንድሜ፣ ሁለት እናቶች አንድ ቁጥር ይዘው ቆመዋል። ካርዱ ፔኒሲሊን አይስማማትም ይላል። የቷን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እናቶቹን አንድ በአንድ ጠይቀው ለዩአቸው። እግዜር አወጣን።

ስህተቱን ለማየት ሁለቱን ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ አንድ አንድ ሺህ ቁጥር አስጠየቅኋቸው። ቆጠራው 2000 መድረስ ሲገባው ከዚያ በታች ቆመ። ለካ ሁለቱም 417ን አንብበው ሁለቱም 418 ይጽፋሉ። ምንም የስህተት መልእክት የለም!

«የመቆለፊያ ፋይል ከሌለ ፍጠርና ግባ» የሚል ጨመርሁ። አሁንም አልሆነም። «አለ ወይ?» ብሎ በማየትና በመፍጠር መካከል ሌላው ይገባል። ደግሞ ኤንኤፍኤስ የፋይሉን መረጃ በየኮምፒውተሩ ያቆያል፤ ሊኑክስ ላይ ካልቀየሩት ከ3 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ስለዚህ ያየነው ያለፈውን ሊሆን ይችላል። መብራት ሲጠፋማ መቆለፊያው እንደተቆለፈ ይቀርና ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

በመጨረሻ ፋይሉን ከሁለቱም እጅ አወጣሁት። ቁጥር የሚሰጠው ሰርቨሩ ላይ ያለ አንድ ዳታቤዝ ብቻ ሆነ፤ ኮምፒውተሮቹ እሱን ይጠይቃሉ፤ እሱም የተደገመ ቁጥር አልመዘግብም ይላል። ይህን ለሠራተኛዋ ሳስረዳት ሳቀችብኝ፦ «ድሮስ መዝገቡ አንድ፣ እስክሪብቶውም አንድ አልነበር?»

ነበር እንጂ! መዝገቡ ዝም ብሎ ይጠብቅልን የነበረውን ነገር እኔ ሳላውቀው አፈረስሁት።

መምህሮቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪ ፕሮግራሙን ሲያስረክብ በአንድ ኮምፒውተር ብቻ አትፈትኑት። ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ፋይል ላይ አስነሱበት፤ መሃል ላይ አንዱን ከመብራት ንቀሉበት። እዚያ ይውደቅ። እዚያ ሲወድቅ የሚጎዳ በሽተኛ የለም።