ምራቂና ምርቃት



ስለ ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ብዙ ጊዜ ተነግሯል። እኔ ግን ዛሬ ስሟ በማናቸውም መዝገብ ስላልተጻፈ አንዲት ነጋዴ ላወሳችሁ እወዳለሁ። ይህች ሴት በ1928–1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ በተዛወረበት በመርካቶ፣ በበርበሬ ተራ፣ ጣሳዋን ይዛ ሃያ ሰባት ዓመት የተቀመጠችው እናቴ ናት። ስለ እናቱ የሚናገር ሰው ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ አይቀርምና፣ እናንተ በበኩላችሁ ጥቂት ቀንሳችሁ ስሙኝ።

አባታችን በ1985 ዓ.ም. ሲያርፍ እኔ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበርሁ፤ ከእኔ በታችም ሁለት እኅቶች ነበሩኝ። እናቴ የኀዘን ልብሷን ሳታወልቅ ጉትቻዋን ሸጠችና አንድ ፈረሱላ፣ ማለት 17 ኪሎ፣ የማረቆ ዛላ በርበሬ ገዛች። በርበሬ ለሚበላው ቀላል ነገር ነው። ለምታዘጋጀው ሴት ግን ዛላው በፀሐይ ይሰጣል፤ ይቀነጠሳል፤ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ እንደገና ይደርቃል፤ ከዚያም ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና በሶብላው ተጨምሮበት፣ ታምሶ ወደ ወፍጮ ይሄዳል። እኛ ልጆቿ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ትዝ የሚለን ወፍጮ ቤት ነው።

በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ይቀላቀላል የሚለው ወሬ በበዛበት ጊዜ፣ አንድ ሸማች ዱቄቱን በጣቶቹ እያሸ «እትዬ፣ ይህ ሸክላ የለበትም?» ቢላት፣ «ጌታዬ፣ ሸክላ ባገኝማ ቤት እሠራበት ነበር፤ የምኖረው በጭቃ ቤት ነው» አለችው። ሰውየው ሁለት ጣሳ ገዝቶ ሄደ፤ እስከ መጨረሻዋም ደንበኛዋ ሆኖ ቀረ።

ገዥ ሁሉ ከተሰፈረለት በኋላ «መርቂልኝ» ማለቱ የታወቀ ነው። እርሷም ጣሳዋን አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ዘርህ ይባረክ፤ ቤትህ ይሙላ፤ ጠላትህ ይውደቅ!» እያለች ምርቃቱን ታዥጎደጉደው ነበር። ሰውየው እስኪስቅ ትጠብቅና ነው እፍኟን ሞልታ ምራቂውን የምትጨምርለት።

አሁን የምናገረው የሚከብደኝን ነው። በ1996 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በዚያ ተራ ስናልፍ፣ አንደኛው ከቤት ታዞ ነበርና ከእናቴ ፊት ቆመ። እኔ ዐይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። እርሷም አየችኝ፤ ወዲያውም ገባት። «ምን ልስጣችሁ፣ ጌቶቼ?» አለች። ለጓደኛዬ ሰፍራ፣ መርቃም፣ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተስ፣ የእኔ ጌታ፣ አትገዛም?» አለችኝ። «አልገዛም» አልኋት።

ማታ እራቴን አቀረበችልኝና እንዲህ አለች፤ «ዛሬ አንድ ልጅ ገበያ መጥቶ ነበር፤ ቁርጥ አንተን ይመስላል። አንተ ግን አልነበርህም። አንተ ሰላምታ ታውቃለህ።» ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንድም ቀን አላነሣችውም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝሁ በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ ላነብ በወጣሁበት ጠዋት፣ ጉልበቷን ስሜ «እማዬ፣ መርቂኝ» አልኋት። ከምትቀነጥሰው ዛላ ላይ ቀና ብላ አየችኝና «ምን ገዝተህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ እኔ ሳቅሁም፣ አለቀስሁም። ምርቃቷም ከመርዘሙ የተነሣ ለጥቂት ከሥራዬ ሳልዘገይ ቀረሁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዱቤ የወሰደውን ሰው ሁሉ የምትጽፈው በቤታችን ግድግዳ ላይ በከሰል ነበር፤ ክብ፣ መስቀል፣ ጭረት፣ የዶሮ እግር የመሰለ ነገር። በ2012 ዓ.ም. ስታርፍ፣ ያ ስንት ጽሑፍ ለሕዝብ ያነበበ ልጇ ከዚያ ግድግዳ ላይ አንዲት ምልክት እንኳ ማንበብ አቃተው። ባለዕዳዎቹ ግን ሳይጠሩ መጡ፤ አንዳንዱ ከልቅሶው ላይ፣ አንዳንዱ በሳምንቱ። በአርባዋ ዕለት ደግሞ አንድ ሸምገል ያለ ተሸካሚ 60 ብር ይዞ ገባና፣ ግድግዳውን ጥቂት ከተመለከተ በኋላ የዶሮ እግሩን በጣቱ አሳየን።

«‹አንተ ስትጭር ስለምትውል በዶሮ እግር ጽፌሃለሁ› ትለኝ ነበር። ይህ እኔ ነኝ፤ አጥፉልኝ» አለ።

ታናሽ እኅቴ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋችለት። የሌሎቹ ምልክት እስካሁን ድረስ አለ።